«ባዶ» ስለተባለው ፓርክ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ሦስት ሰዎች ናቸው የላኩልኝ። ሦስቱም «ይሄንን አይተኸዋል?» ይላሉ። አየሁት። ሁለቴ አነበብኩት። በሦስተኛው እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

ጽሑፉ ስለ አብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው፦ ፓርኩ ከስሙ በቀር አልቋል፣ አውሬ የለበትም። ግራሩ ቢቆረጥም ተመልሶ ይበቅላል፣ ከሰሉ ደግሞ የድሃ እንጀራ ነው። የአብያታ ሐይቅ የሸሸው በተፈጥሮ ምክንያት ነው፣ እንዲያውም ፍላሚንጎ የሚባለው የውሃ ወፍ በዝቷል። ሰውና ፓርክ አብረው መኖር አይችሉም። ስለዚህ መሬቱ ከጥበቃ ወጥቶ ስንዴ ይዘራበት። ለማስረጃም አንድ ፎቶ አያይዘዋል። ገላጣ ሜዳ፣ መሀሉ ላይ አንዲት ግራር፣ ከበስተኋላ የሐይቁ ነጭ ዳርቻ። ባዶነቱን በዓይናችሁ እዩት ለማለት ነው።

እኔ አርሲ ነገሌ ነው ያደግሁት። የፓርኩ ሠራተኛ አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። ጥቂት ዓመታት እንግዳ ይዤ እየገባሁ ወፍ አሳይቻለሁ፤ ያ ብቻ ነው። ስለዚህ የምከላከለው እንጀራ የለኝም። ጸሐፊው ልክ የሆኑበትም ቦታ አለ። እሱን ስደርስበት እናገራለሁ።

ባዶ ነው ስለሚባለው

ጸሐፊው ወደ ሐዋሳ ሲመላለሱ በፓርኩ ዳር ብዙ ጊዜ እንዳለፉ፣ ከከብትና ከፍየል በቀር አንድም እንስሳ እንዳላዩ ጽፈዋል። በዚህ አምናቸዋለሁ። ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ የሚታየው ከብት ነው። እኔም ከመኪና መስኮት ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም።

ግን ፓርኩ አስፋልት ዳር ያለችው መሬት ብቻ አይደለም። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ 482ቱ ውሃ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነውን ፓርክ በመኪና መስኮት ማየት አይቻልም ማለት ነው። ስሙም «የሐይቆች» ፓርክ ነው እኮ! በ1960ዎቹ ሲቋቋም ዋናው ምክንያት ዝሆንና አንበሳ አልነበረም፣ የውሃ ወፍ ነበር። እስካሁን ከ400 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቦበታል። አንበሳ ፍለጋ ሄዶ አንበሳ አጣሁ ብሎ መመለስ፣ ዓሣ ቤት ገብቶ ክትፎ የለም ብሎ እንደ መቆጣት ነው።

ደግሞ ስለ ሽቦው አንስተዋል። በዋናው በር በኩል የታጠረ ቦታ አለ። ሰጎን፣ ሜዳ ፍየልና ከርከሮ ከእግር መንገድ ላይ ይታያሉ። ጸሐፊው «ይሄ ፓርክ ሳይሆን መካነ እንስሳት ነው» የሚል ሐሳብ አላቸው። ቅሬታው ይገባኛል። እኔ ግን ያን ሽቦ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

አንድ ቀን ሽቦውን ተከትላችሁ ሂዱ። በበጋ ቢሆን ይመረጣል፣ በየካቲት። በስተውስጥ ሳሩ ደርቆም ቢሆን ቆሟል፤ ጉልበት ይደርሳል። ግራሩ ሦስት ትውልድ ነው፦ አያት፣ እናት፣ ልጅ። ትልልቆቹ ጃንጥላ ዘርግተዋል፣ መካከለኞቹ ሰው ቁመት አልፈዋል፣ ሥር ሥራቸው ደግሞ ስንዝር የማይሞሉ እሾሃም ችግኞች አሉ። አሁን አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ተራመዱ። መሬቱ የተላጨ ራስ ይመስላል። አፈሩ አመድ ነው፤ ጫማችሁን ሲነካው ይቦናል። የቀረ ዛፍ ካለ አያት ብቻ ነው፤ ልጅ የለውም።

አፈሩ ያው ነው። ዝናቡ ያው ነው። የተለየው ሽቦው ብቻ ነው። መሬቱ ሞቶ ቢሆን ኖሮ በስተውስጥም በሞተ ነበር። ጸሐፊው «ፓርኩ አልቋል» ብለው የሚጠቁሙት ቦታ እና «ይህማ መካነ እንስሳት ነው» ብለው የሚንቁት ቦታ ጎን ለጎን ናቸው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይመልሳል።

አሁን ወደ ውሃው። ሻላ እሳተ ገሞራ ወድቆ ሰርጉዶ የፈጠረው ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን እሱን የሚያህል ጥልቅ የለም። መሀሉ ላይ ደሴቶች አሉ። ነጭ ፔሊካኖች እዚያ ደሴት ላይ ይፈለፍላሉ። ጅብም ቀበሮም አይደርስባቸውም። ችግሩ ሻላ ውስጥ የሚበላ ዓሣ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቤታቸው ሻላ፣ ገበያቸው ሌላ ሐይቅ ነው። ጠዋት ቶሎ አይነሡም። ፔሊካን ከባድ ወፍ ነው፤ ክንፉን እያርገበገበ ኮረብታ መሻገር ያደክመዋል። ረፋድ 3 ሰዓት፣ 4 ሰዓት ላይ መሬቱ ግሎ አየሩ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ ያኔ ነው የሚነሡት። ክብ እየሠሩ፣ ክንፍ ሳይመቱ፣ እንደ ተፈተለ ጥጥ እየተጠመዘዙ ከፊኬ ተራራ በላይ ይወጣሉ። ከዚያ አንዱ መስመር ይይዛል፣ ሌሎቹ ይከተሉታል። ድምፅ የለም። ይህን ያሳየኋቸው አንድ አዛውንት እንግዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው የቆሙት።

ባዶ ነው ከተባለ እንግዲህ ይሄም ባዶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ፤ ስለ ዛፉ ስናወራ ያስፈልገናል። ሆርንቢል የሚባል ወፍ አለ፣ ትልቅ ቆልማማ ምንቃር ያለው። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል አሮጌ ዛፍ ላይ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በሩን በጭቃ ትዘጋዋለች፤ ራሷን ትቆልፋለች። ምንቃር የምታሳልፍ ስንጥቅ ብቻ ትተዋለች። ባልዋ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል። ባልዬው ከሞተ እሷም ጫጩቶቹም ችግር ላይ ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚገኘው በአሮጌ ዛፍ ላይ ነው። አምስት ዓመት በሆነው ግራር ላይ ቀዳዳ የለም። ጥንብ አንሳም እንደዚያው ነው። ጀርባው ነጭ የሆነው ዝርያ ጎጆውን የሚሠራው ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ነው። ይህ ወፍ ዛሬ በዓለም ደረጃ እጅግ በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት አንዱ ነው።

ዛፉ ይበቅላል፣ ከሰሉም የድሃ እንጀራ ነው

ይህ ነጥብ ከሁሉም ይከብዳል። ጸሐፊውም ከሁሉም በደንብ የጻፉት ይህንን ነው።

መጀመሪያ ልክ የሆኑበትን ልናገር። ግራር ይበቅላል፤ እውነት ነው። ጉቶው ያቆጠቁጣል። ፍሬውን ፍየል ሲበላው ዘሩ በሆዱ አልፎ ይወጣና እንዲያውም ይበልጥ ለመብቀል ይዘጋጃል። ስለዚህ ፍየል ግራርን ትዘራለች። ሲበቅል ግን የምትበላውም እሷው ናት። ለምለሙ ቡቃያ ከወጣ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት ፋታ ካላገኘ አይቀጥልም። ሽቦው ውስጥ ሦስት ትውልድ፣ ውጭ አያት ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። «ይበቅላል» የሚለው ቃል ትክክል ነው። ግን «ከተተወ» የሚል ቃል ይቀድመዋል።

ሁለተኛ፣ ከሰል አክሳዩ የሚመርጠው የትኛውን ዛፍ ነው? ወፍራሙን ነዋ! ቀጭኑ አመድ ይሆናል፣ ወፍራሙ ከሰል ይሆናል። እና ወፍራሙ ያ ቀዳዳ ያለው ዛፍ ነው።

አሠራሩን በቅርብ አይቻለሁ። ግንዱ እየተቆረጠ ይከመራል። በሳር ይለበሳል፣ ከዚያ በአፈር ይመረጋል። በአንድ በኩል ይለኮስና ቀዳዳው ይዘጋል። ቀናት ይጨሳል። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ላይ አፈሩ ከሰረገ አየር ይገባና ሁሉም ነዶ አመድ ይሆናል፤ የሳምንት ልፋት በአንድ ሌሊት። በዚህ ዓይነት አሠራር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ6 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ሌላው ጭስ ነው።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ክምር አጠገብ የተቀመጠ ወጣት አገኘሁ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ያስላል። ሰላም ተባባልን። እንደማልነካው ሲያውቅ ማውራት ጀመረ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ከሰል ተጠቅሜ አላውቅም» አለኝ። «ቤታችን የሚነደው ጭራሮና ኩበት ነው።»

ይቺን ንግግር እስካሁን አልረሳኋትም። ጸሐፊው ከሰል የድሃ እንጀራ ነው ይላሉ። የማን ድሃ? ልጁ ከሰሉን አይጠቀምበትም። አንድ ማዳበሪያ ከሰል ሸጦ የሚያገኘው፣ ያው ማዳበሪያ አዲስ አበባ ሲደርስ ከሚያወጣው ጋር አይገናኝም። መሀል ላይ ደላላ አለ፣ በሌሊት የሚጭን አይሱዙ አለ፣ ኬላ ላይ ዓይኑን የሚጨፍን አለ፣ ቸርቻሪ አለ። ልጁ የሚያገኘው ሳልና ሽርፍራፊ ነው። ዛፉ ሲያልቅ ደላላው ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። ልጁ የት ይሄዳል?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ቤቴ ቡና የሚፈላው በከሰል ነው። እናንተም ቤት እንደዚያው እንደሆነ እገምታለሁ። ጀበና በስቶቭ አይጥምም እንላለን። በዓል ሲደርስ ማዳበሪያ ሙሉ ገዝተን በረንዳ ላይ እናቆማለን፤ ከየት እንደመጣ አንጠይቅም። ግራሩን የሚቆርጠው የልጁ መጥረቢያ ነው፤ እጀታው ግን ከተማ ነው ያለው።

ስለዚህ ልጁን ማሰር መፍትሔ አይደለም ቢሉ ኖሮ እፈርምላቸው ነበር። እሳቸው ያሉት ግን ዛፉን ይጨርሰው ነው። የተሞከሩ ነገሮች እኮ አሉ። ላቀች የሚባለው ምድጃ ከቆርቆሮው ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። አፋር ውስጥ ደግሞ ማሳና ግጦሽ የወረረውን ፕሮሶፒስ የሚባል መጤ ዛፍ እየቆረጡ ከሰል የሚያደርጉ ማኅበራት ነበሩ። መጥፋት ያለበትን ዛፍ ማክሰል አንድ ነገር ነው፣ መቆየት ያለበትን ማክሰል ሌላ። በጽሑፉ ውስጥ ይህ ልዩነት የለም። ከሰል ሁሉ አንድ ሆኗል።

አብያታን ያደረቀው ሰማይ ነው ወይስ ሰው?

ጸሐፊው ሐይቁ የሸሸው በአየር ንብረት ለውጥ ነው ብለዋል። ለድጋፍም ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ እንደነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ እየቀነሱ እንደመጡ ያነሣሉ። ይህ ታሪክ እውነት ነው። አብያታ በባሕርይውም ከፍ ዝቅ የሚል ሐይቅ ነው፤ ጥልቀት የለውም፣ መውጫም የለውም። የገባበትን ያህል ፀሐይ ይወስድበታል። በዚህ አልከራከርም።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ላንጋኖስ?

ላንጋኖ ከአብያታ ጋር ጎረቤት ነው። ያው ፀሐይ ነው የሚያተንነው፣ ያው ደመና ነው የሚያልፍበት። ድርቅ ሲመጣ ለሁለቱም ይመጣል። ታዲያ ላንጋኖ በቦታው ቆሞ አብያታ ብቻ ከ1960ዎቹ ወዲህ ስፋቱ በግማሽ ያህል ለምን ቀነሰ? ሰማይ ያዳላል?

መልሱ ያለው ውሃው ከሚመጣበት ነው። አብያታ የሚጠጣው በሁለት ጉሮሮ ነው። አንዱ ከላንጋኖ የሚመጣው ሆራቀሎ ነው። ሌላው፣ ዋናው፣ ከዝዋይ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ዝዋይ ደግሞ የሚሞላው በመቂና በቀጣር ወንዞች ነው። አሁን ከላይ ወደ ታች ቁጠሩ። መቂና ቀጣር ላይ ፓምፕ አለ። ዝዋይ ዙሪያ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ወይን፣ አበባ አለ። ባቱ ከተማም ይጠጣል። ቡልቡላ ላይ ራሱ ፓምፕ አለ። ሁሉም ከጠጣ በኋላ የተረፈው ነው ወደ አብያታ የሚወርደው። በበጋ ቡልቡላን በድልድዩ ላይ ሆናችሁ ካያችሁት፣ የተረፈው ምን እንደሚያህል ይገባችኋል።

በዚያ ላይ ከደርግ ዘመን መጨረሻ ግድም ጀምሮ የሐይቁን ውሃ ወደ ገንዳ እየሳበ፣ ፀሐይ ላይ አትንኖ ሶዳ አሽ የሚባለውን የኢንዱስትሪ ጥሬ ዕቃ የሚያወጣ ፋብሪካ ዳርቻው ላይ ተተከለ። ፓርክ ውስጥ! ጸሐፊው ስለ ፓርኩ ጉዳት ያን ሁሉ ገጽ ጽፈው ይህን በአንድ ቃል አላነሡትም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሐረማያን አስታውሱ። ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለሐረር ከተማ መጠጥ እየተሳበ በ1990ዎቹ ደረቀ። ያኔም «ተፈጥሮ ነው» ያሉ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ውሃ መልሶ ቋጥሯል። አብያታም አላለቀለትም፤ የጎደለበት በምን እንደሆነ ይታወቃል። ሰማይን መክሰስ ግን ይቀላል፤ ሰማይ ፍርድ ቤት አይቀርብም።

ዳርቻውን ልንገራችሁ፤ የፎቶው ነጭ መስመር እሱ ነው። ከሩቅ አሸዋ ይመስላል። አሸዋ አይደለም፤ ውሃው ሲሸሽ የተወው የሶዳ ቅርፊት ነው። ላዩ እንደ ቂጣ የደረቀ ነው፣ ሥሩ ማጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ሹፌሩን «ቅረብ፣ ቅረብ» እያልኩ አስጠጋሁት። የኋላ ጎማው ቅርፊቱን ሰብሮ ሰመጠ። ከምሳ እስከ ማታ ስንቆፍር ዋልን። ያወጡን ስድስት እረኞችና ሁለት በሬዎች ናቸው። ሹፌሩ እስከ አዲስ አበባ አላናገረኝም።

ፍላሚንጎው በዝቷል

ይህን አጠር ላድርገው። አዎ፣ ፍላሚንጎ በብዛት የሚታይበት ጊዜ አለ። ውሃው እየከረረ ሲሄድ የሚመገቡት ዋቅላሚ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር ይመቸዋልና። ግን ያው መክረር ዓሣውን ፈጀው። አብያታ ላይ ዓሣ ይጠመድ ነበር እኮ! ዓሣው ሲያልቅ ያ ከሻላ ደሴት የሚነሣው ፔሊካን ገበያው ተዘጋ። አሁን ለጫጩቶቹ ዓሣ ፍለጋ ራቅ ብሎ እስከ ዝዋይ ይሄዳል። ፍላሚንጎም ቢሆን ለዘላለም አይደሰትም፤ ጨውነቱ ልክ ሲያልፍ ዋቅላሚውም ይጠፋል። አንዱ ክፍል ተቃጥሎ ሌላው ክፍል ሲሞቀው «ቤቱ ሞቀ» አይባልም።

ስንዴ ይዘራበት

እዚህ ላይ ጸሐፊው መሬቱን በእጃቸው ነክተው ያውቃሉ ወይ የሚያስብል ነገር አለ። የዚያ አካባቢ አፈር የእሳተ ገሞራ አመድና የድሮ ሐይቅ ደለል ነው። ቀላል ነው፤ ውሃ አይዝም። ወደ ሐይቁ በተጠጋችሁ ቁጥር ሶዳው ይጨምራል። ዝናቡ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። በፓርኩ ውስጥ በቆሎ የሚዘሩ ገበሬዎች አሉ፤ እነሱን ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ደህና ያፈራል። ግራሩ ለዘመናት ቅጠሉን እያራገፈ ያጠራቀመው ለምነት ነዋ። ያ ካለቀ በኋላ ገበሬው ወደሚቀጥለው ግራር ይሄዳል።

መስኖ ይባል ይሆናል። ከየት ውሃ? የአብያታና የሻላ ውሃ ሰብል ይገድላል። የቀረው ቡልቡላ ነው። እሱ ደግሞ የደረሰበትን ከላይ አይተናል።

405 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው የፓርኩ ደረቅ መሬት ሁሉ ቢታረስ እንኳ፣ ከዚያ ላይ ገደሉን፣ ተራራውን፣ ሶዳውን፣ አሁን ሰው የሰፈረበትን ቀንሱ። የሀገር ስንዴ ችግር በዚህ አይፈታም።

ሰውና ፓርክ

ጸሐፊው ሁለት በር ብቻ ነው የከፈቱት፦ ወይ ሰው ይውጣ፣ ወይ ፓርኩ ይፍረስ። እዚህ ላይ ነው ልክ የሆኑበትን ነገር የምናገረው። ፓርኩ ሲከለል እዚያ ከብት ያረባ የነበረውን ሕዝብ በወጉ ያማከረ አልነበረም። ካርታ ላይ መስመር ተሠመረ፣ አለቀ። ሰው ያን አልረሳም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በየፓርኩ የደረሰው ዘረፋና ጭፍጨፋ አንዱ ምንጩ ይሄ ቂም ነው። አለቆች ሲመጡም እንደ መስቀል ወፍ ናቸው፤ ዛፍ ተክለው፣ ፎቶ ተነሥተው ይሄዳሉ። ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ግን በደመወዝ ተብዬው፣ ባለቀ ጫማ፣ ያን ሁሉ አገር በእግሩ ይዞራል። ሌሊት ከሰል የጫነ መኪና ቢያስቆም ጠዋት የሚደርስበትን ያውቃል። ጸሐፊው ስለ ስካውቶቹ የጻፉትን አንቀጽ ቃል በቃል እቀበለዋለሁ።

ግን ከዚህ ተነሥቶ «አብረው አይኖሩም» ማለት መዝለል ነው። መንዝ ጓሳ አለላችሁ። ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባል ሥርዓት (የዛሬው ቄሮ አይደለም፣ ሌላ ነው) የጓሳውን ሳር ለመቶዎች ዓመታት ጠብቋል። ሳሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሽማግሌዎች ሲስማሙ ይከፈታል፣ የሰረቀ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሳሩም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ መልሶ በአዲስ መልክ አደራጀው። ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ አሉ፤ ሳሩም እየታጨደ ቤት ይከደንበታል። አብያታ ሻላ መንዝ አይደለም፤ አውቃለሁ። የአርሲ ኦሮሞ የራሱ የገዳ ሥርዓት፣ የራሱ ሽማግሌ፣ ስለ ዛፍና ስለ ውሃ የራሱ ደንብ አለው። እሱን ነው መጠየቅ።

በኃይል ማስነሣት ደግሞ ነጭ ሳር ፓርክ ላይ ታይቷል። የተረፈው ውዝግብ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 አርብቶ አደር ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ «ሁሉም ይውጣ» የሚለው በር ለእኔም ዝግ ነው። «ሁሉም ይፍረስ» የሚለው ግን በምን ሒሳብ ይከፈታል? ፓርኩ ሲፈርስ መሬቱ ለልጁና ለእረኞቹ የሚደርስ ይመስላችኋል? እንደዚያ ያለ መሬት ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚደርሰው አሸዋ ጫኝ መኪና ነው። አሁን በድብቅ የሚገባው ያኔ በወረቀት ይገባል። ዛሬ ያ እረኛ በበጋ ሳር ቢያጣ የግራር ፍሬ አራግፎ ፍየሉን ያበላል። ያኔ የሚያራግፈው ዛፍ የለም።

ትንሽ ቦታ ጠብቆ ምን ይገኛል ለሚሉም፣ ከሻሸመኔ ብዙ የማይርቀውን የሰንቀሌን የቆርኬ መጠለያ ማየት ነው። 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዙሪያው እርሻ፣ ሰፈር፣ ከብት አለ። የስዌይን ቆርኬ የሚባለው ቀንዳም የዱር እንስሳ፣ ያ ቀድሞ እስከ ሶማሌላንድ ድረስ በመንጋ ይሄድ የነበረው፣ ዛሬ ከሰንቀሌና ከማዜ ፓርክ ውጭ አድራሻ የለውም ማለት ይቻላል። ሰንቀሌንም «ባዶ ነው» የሚሉበት ክፉ ጊዜ አልፏል። ያኔ ቢሰሙ ኖሮ ቆርኬውን ዛሬ በሥዕል ነበር የምናየው።

እንግዲህ ስለ ጽሑፉ ያለኝ ይሄው ነው። የቀረኝ ፎቶው ብቻ ነው።

ትናንት ማታ ያን ፎቶ ስልኬ ላይ ትልቅ አድርጌ አየሁት። ቦታውን ለመለየት ፈልጌ ነው፤ በየት በኩል እንደተነሣ፣ የትኛው ኮረብታ እንደሆነ። ከሰዓት በኋላ የተነሣ ነው፤ የግራሯ ጥላ ወደ ምሥራቅ ተጋድሟል። ጥላው ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች አሉ። መጀመሪያ ድንጋይ መሰሉኝ። አንዱ ድንጋይ ቀንድ አለው። ልጄን ጠርቼ ቁጠሪ አልኳት፤ የእሷ ዓይን ይሻላል። «አራት ናቸው» አለች። «አይ፣ አምስት። አንዷ ትንሽ ናት፣ እናቷ ጀርባ ተኝታለች።»

ሜዳ ፍየሎች ናቸው።